ባለ መስቀሉና ዳማ

የተቃጠለ ፍሬን ሽታ አልወድም። ሌላው ሰው ራሱን ስለሚያዞረው ይጠላዋል፤ እኔ የምጠላው ባለቤቴ ዘውዴ ከሥራ ሲመለስ ልብሱ የሚሸተው እንዲያ ስለነበር ነው። ሚኒባስ ነበር የሚነዳው። ባለፈው ወር ለሙት ዓመቱ ከደብረ ብርሃን ወደ መሐል ሜዳ ስሄድ፣ አውቶብሱ አንድ ቁልቁለት ላይ ያንኑ ሽታ ለቀቀው። ተሳፋሪው አፍንጫውን በነጠላው ሸፈነ፤ ረዳቱ "ምንም አይደለም፣ አሁን ይበርዳል!" እያለ ይጮኻል። ከጎኔ በመስኮቱ በኩል በርኖሱን ተጀቡኖ የተቀመጠው ሽማግሌ ግን ሽታውን እንደ ጥሩ ነገር ወደ ውስጥ ሳበና፣ ለማንም ሳይሆን፣ "ባለ መስቀሉ በመጨረሻው ዙር እንዲህ ነበር የሚሸተው" አለ። ባለ መስቀሉ ድሮ በቴሌቪዥን የምናየው የውድድር መኪና ነው፤ ከቴሌቪዥን ደግሞ ሽታ አይወጣም። ቴሌቪዥን ሸተተኝ የሚል ሰው ደግሞ እኔ የማውቀው አንድ ብቻ ነው።

"ጋሽ ክፍሌ ነህ?" አልኩት።

ዘወር ብሎ ትኩር አለ። "አስካለ! እኔ ደግሞ የማናት ኩሩ፣ ከደብረ ብርሃን ጀምሮ ጎኔ ተቀምጣ ሰላምታ የነፈገችኝ እያልኩ።"

"አንተስ አፍ አልነበረህም?"

"አፍስ ያለሽ አንቺ!" ብሎ ሳቀ፤ ወዲያው ያለውን ነገር ራሱ ሰማውና ሳቁን ዋጠ። እኔም ፊቴን ወደ መተላለፊያው አዞርኩ። ሃያ ዓመት ለሚሆን ጊዜ ይዤው የኖርኩት ቂም በአንዲት ቃል እንደ አዲስ ተነሳ። ቂሙ ብቻውን ቢሆን ደግ ነበር። ከሥሩ ሌላ ነገር አለ።

መሐል ሜዳ መናኸሪያው አጠገብ፣ ዛሬ ባለ መስታወት ሕንፃ የቆመበት ጥግ ላይ፣ ሻይ ቤት ነበረችኝ። የእኔ ናት እላለሁ እንጂ ሰው "ዘውዴ ቤት" ነበር የሚላት። ጠዋት የምከፍታት እኔ፣ ማታ የምዘጋት እኔ፣ ስሟ የሱ። ሻይ በሃምሳ ሳንቲም ነበር፤ ዳቦ ከተጨመረ ብር ይሞላል፤ ዳቦው እንደዛሬው አየር ብቻ አልነበረም፣ አንዱን የበላ ሰው እስከ ምሳ ይቆያል። ወንዶቹ ከበርኖሱ ሥር ካኪ ኮት ይለብሳሉ፤ መምህራኑና የግብርና ባለሙያዎቹ በየስብሰባው የሚታደለውን ቆብ ያጠልቃሉ፤ ሴቶቹ ሻሻችንን ወደ ኋላ አጥብቀን እንቋጥራለን፣ ያ ነፋስ የላላ ነገር አይምርማ። ከመንገዱ ማዶ ካሴት የሚሸጥበት ኪዮስክ ነበር፤ አንዱን ዘፈን ቀኑን ሙሉ እየደጋገመ ሰውን ያሰለቻል፣ ዛሬ ግን ያንኑ ዘፈን ለመስማት ምን በሰጠሁ። ከኪዮስኩ ቀጥሎ ክፍሌ በረንዳ ላይ የልብስ ስፌት መኪናውን ዘርግቶ ይሰፋል፤ ፈረሱ ዳማ ደግሞ ከበረንዳው ምሰሶ ጋር ታስሮ፣ እንደ ደንበኛ አንገቱን አስግጎ የሚሰፋውን ያያል። ዳማ ክፍሌ ከአባቱ የወረሰው ብቸኛ ነገር ነበር። መሬቱን ወንድሞቹ ወሰዱ፤ ለእሱ ፈረሱ ደረሰው። ሰው ሚስት የለህም ወይ ብሎ ሲነዘንዘው "ዳማ ትቀናብኛለች ወይ ብላችሁ ጠይቁልኝ" ይል ነበር፤ ዳማ ወንድ ፈረስ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ይስቃል።

ዘውዴ ዲሹን ያመጣው ለኳስ ብሎ ነው። ጣራው ላይ ተከለው፤ ነፋሱ እንዳይወስደው እግሩን በድንጋይ ከበበው። ኳስ ግን ሌሎችም ቤቶች ያሳዩ ነበር። አንድ እሁድ አመሻሽ ላይ ጣቢያ ሲቀያይር የመኪና ግልቢያ ላይ ቆመ። በፊት በጋዜጣ ያየናቸው፣ እንደ ፌንጣ ከመሬት የተጣበቁት የውድድር መኪናዎች አልነበሩም። እነዚህ በር አላቸው፣ ጣራ አላቸው፤ ለሰርግ የሚከራዩትን የቤት መኪናዎች ነው የሚመስሉት። ሰዉን የገዛውም ይኼ ነው። የምናውቀው ነገር ሲያብድ ማየት። ቋንቋው ምን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም፤ የሚለፈልፈውን ሰውዬ ድምፅ ቀንሰን ክፍሌ ራሱ ማውራት ጀመረ። የመኪና ነገር አያውቅም፣ የፈረስ ነገር ያውቃል። እናም ነጂውን "ጋላቢ" አለው፤ ፍሬን ሲይዝ "ልጓሙን ሳበው"፤ ነዳጅ ሊሞሉና ጎማ ሊቀይሩ ሲገቡ "ውኃ ሊያጠጡት ወረዱ"። ከዘመሮ ለገበያ መጥቶ ያደረ ገበሬ ሳይቀር ያለ አስተርጓሚ ይገባው ነበር።

ፋብሪካዎቹ ብዙ ነበሩ፣ ዋንጫውን የሚተናነቁት ግን ሁለት ናቸው። ስማቸውን ማንም አስተካክሎ አይጠራም፤ በግንባራቸው ባለው ምልክት ነበር የምንለያቸው። አንደኛው ኮከብ አለው። ሁለተኛው ወደ ጎን የተለጠጠ መስቀል። እውነተኛ መስቀል አለመሆኑን፣ የፋብሪካው ዓርማ እንደሆነ አንድ አስተማሪ ሊያስረዳ ሞክሮ "ታዲያ ፋብሪካው መስቀል ምን ያደርግለታል፣ ክርስቲያን ካልሆነ?" ብለው አፉን አዘጉት። ክፍሌ የባለ መስቀሉ አለቃ ሆነ፤ ዘውዴ የባለ ኮከቡ። ቤቴ ለሁለት ተከፈለች፤ በግራ መስቀሎች፣ በቀኝ ኮከቦች፣ በመሃል እኔና ትሪዬ። ውድድሩ ከፋሲካ በኋላ ይጀምርና በየተወሰነ እሁዱ እየቀጠለ መስቀል ሰሞን ያልቃል። ክረምቱን በሙሉ በዚያ ብርድ ሰው እንደ በግ ተጠጋግቶ፣ በርኖሱ እየተነነ ይጨቃጨቃል። ግጥምም ይገጣጠማሉ። ክፍሌ ተነስቶ፣

ባለ መስቀሉ ሲመጣ ሸምጦ፣
ባለ ኮከቡ ቀረ አቧራ ውጦ።

ሲል፣ ዘውዴ ከቀኝ በኩል ይመልስለታል፤

መስቀል በአንገት ነው ሰው የሚያስረው፣
መንገድ መሪውስ ኮከብ ብቻ ነው።

እንዲህ ሲባባሉ ቤቷ ትናወጣለች። ብርጭቆ ይሰበራል፤ ማን እንደሰበረው አይታወቅም፤ የሚለቅመው ግን ይታወቃል።

አሁን የእኔን ነገር ልናገር። እሁድ ቀን ወንዶቹ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ላይ ይቀራሉ። እኔ ቤት ሆኜ ብርጭቆ ሳጥብ ቴሌቪዥኑን እከፍተዋለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ነው ያወቅሁት፤ ማታ የሚያዩት ግልቢያ ቀን ተጋልቦ ያለቀ ነበር። ቀን ላይ በምስሉ ጥግ አንዲት ቀይ ጽሑፍ አለች፤ ማታ ያው መኪና፣ ያው ዝናብ፣ ያው ግጭት ይመጣል፣ ቀይዋ ጽሑፍ ግን የለችም። አንድ ማታ ሲጨቃጨቁ ሰለቸኝና "ይኼ እኮ ቀን ያለቀ ነው። ባለ ኮከቡ ይቀድማል፤ ያንተ መኪና ጎማዋ ይፈነዳል፣ ጋሽ ክፍሌ" አልኩ። ሳቁብኝ። ትንሽ ቆይቶ ጎማው ፈነዳ። እኔ አሁን ያምኑኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ክፍሌ ከመቀመጫው ተነስቶ ጣቱን ቀሰረብኝ።

"አፍሽን ከመኪናችን ላይ አንሺ! ሟርተኛ!"

"ኧረ አይቼው ነው! ቀን አይቼው!"

"ያልሆነውን ቀድሞ ያየ ሰው ምን ይባላል? አፈ ሟርት ነሽ!"

ዘውዴን ተመለከትኩት። ከእነሱ ጋር ሳቀ። ማታ ለብቻችን ስንሆን "አውቃለሁ፣ እኔም ገብቶኛል። ታዲያ ያደረ መሆኑን ብንነግራቸው ማን ሊመጣ ነው?" አለኝ። ስሙ ግን ከቤት ወጥቶ ሄደ። አፈ ሟርት። ሴቶች ፊቴ ላይ ስለ እህላቸው ማውራት አቆሙ። ጎረቤቴ የሺ፣ ከአንድ ማጀት እንደወጣን የምንኖር ሴት፣ ስታረግዝ ሆዷን በጋቢ ሸፍና በደጄ ታልፍ ነበር፣ አፌን እንዳላሳርፍበት። ልጁ ተወልዶ ክርስትና ሲነሳ ነው የሰማሁት። ከዚያ ወዲያ ስለ መኪና አንድ ቃል አልተነፈስኩም። እሁድ እሁድ ቀን አያለሁ፤ ማታ ትሪዬን ይዤ በመካከላቸው እዞራለሁ። የሚያለቅሰውንና የሚጨፍረውን አስቀድሜ እያወቅሁ ስኳር እጨምርላቸዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኝ ነበር። ሌላ ደስታ አልሰጡኝም።

የሁለተኛው ዓመት የመጨረሻው ግልቢያ መስቀል በዋለ ማግስት እሁድ ላይ ዋለ። ሁለቱ ፋብሪካዎች አንገት ለአንገት ነበሩ፤ የቀደመ ዋንጫውን ይወስዳል። ቀን ላይ ብቻዬን አየሁት። ባለ ኮከቡ እስከ መጨረሻው መርቶ፣ በመጨረሻው ኩርባ ላይ ባለ መስቀሉ በውስጥ በኩል ሾልኮ አለፈው። እጄ ላይ የነበረው ብርጭቆ አረፋው ደረቀ። ዘውዴ ከሰንበቴ ጠላ ጠላ እየሸተተ ሲገባ "ማን በላ?" አለኝ።

"ባለ መስቀሉ።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ዓይኔ አይቶታል።"

በመስኮቱ ወደ መንገዱ ማዶ ተመለከተ፣ ዳማ ወደታሰረበት ምሰሶ። በመኪናው መሸነፍ አዝኖ መስሎኝ ነበር። መስሎኝ ነበር እላለሁ፤ ሌላ ነገር መስሎኝ እንደሆነ ዛሬም ለራሴ አልነግረውም።

ማታ ቤቱ ጢም አለ። ቴሌቪዥኑ ላይ የአደይ እቅፍ ተደርጓል። ዘውዴ ገና ሳይጀመር ክፍሌን ተያያዘው።

"ዛሬ መስቀልህን አውልቀን ነው ወደ ቤትህ የምንሰድህ።"

"በመስቀል ሰሞን መስቀል ይሸነፋል? አንተ ሰውዬ ለመሆኑ ተጠምቀሃል?"

"እንዲህ ካመንክማ ለጊዮርጊስ ተሳል። በባዶ እጅህ ነው እንዴ የምትለምነው?"

"ጧፍ ተስያለሁ።"

"ሰማችሁ? ለዋንጫ ጧፍ! ለጠፋች ዶሮም ጧፍ፣ ለዋንጫም ጧፍ!"

"ጃንጥላ ጨምርበት፣ ጋሽ ክፍሌ!" አለ አንዱ ከኋላ።

"ተዉት" አለ ዘውዴ፣ "ያመነ ሰው የሚወደውን ነው የሚሳለው። እሱ መኪና የሚያውቀው በእግር የሚረገጠውን ነው፤ ይጠራጠራል።"

ክፍሌ ተነሳ። ቀጭን ሰው ነው። "ጊዮርጊስ ይስማኝ! ባለ መስቀሉ ዛሬ ዋንጫውን ከበላ፣ ዳማን ከነኮርቻው ደጁ አገባዋለሁ!"

እኔ ትሪዬን ይዤ በመካከል ቆሜያለሁ። ተስሎ ያልሰጠ ሰው ምን እንደሚደርስበት ሁሉም ያውቃል፤ እዚያ ደጅ ቃል ከወጣ አይመለስም። እኔ ደግሞ ዋንጫው ከተበላ ሰዓታት እንዳለፉ አውቃለሁ።

"ጋሽ ክፍሌ" አልኩ።

"ምን ልትዪ ነው? ዛሬስ አፍሽን ሰብስቢ፣ በእመቤቴ!"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ዘውዴ ግን አልሳቀም፤ ከቀኝ በኩል ዓይኑን ተክሎብኛል።

"ሻይህ ቀዘቀዘ ልልህ ነው" አልኩ።

በቃ፣ ይኸው ነው። ያን ማታ ባለ መስቀሉ በመጨረሻው ኩርባ ላይ ሾልኮ አለፈ። ክፍሌ እንደ ሕፃን አለቀሰ፣ ሰዉ ትከሻው ላይ ተሸከመው። እኔ ብርጭቆ ሰበሰብኩ።

በኅዳር ጊዮርጊስ ዳማን አጥቦ፣ ጋማውን ጎንጉኖ፣ የአባቱን ኮርቻ ጭኖ በእግሩ እየሄደ አመጣው። ለስለት የገባ ነገር በንግሡ ቀን ታቦቱ ከገባ በኋላ በጨረታ ይሸጣል። ሰዉ ፈረሱን ስለሚያውቀው አፍሮ ዋጋ አልጠራም። ዘውዴ ጠራ። ከእሱ በላይ የሄደ የለም። ያኔ ነው በመስኮቱ ወደ ምሰሶው የተመለከተው ነገር ሙሉ ለሙሉ የገባኝ። ዘውዴ ሁልጊዜ ለጥምቀት ጉግስ የራሴ ፈረስ ቢኖረኝ ይል ነበር።

ዳማ ከሻይ ቤቱ ጓሮ ታሰረ። በየቀኑ ገብስ የምሰጠው እኔ ነበርኩ። ጠዋት የጓሮውን በር ክፍት ሲያገኝ ብቻውን መንገዱን ተሻግሮ፣ ምሰሶው ሥር ሄዶ ይቆማል። ክፍሌ ከስፌት መኪናው ላይ ይነሳል፤ አይደባብሰውም፤ ጋማውን ብቻ ይዞ እስከ በራችን ያመጣውና "ሂድ፣ የጊዮርጊስ ነህ" ብሎት ይመለሳል። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ ዘውዴ ሳይኖር ውሰደው አልኩት። "ለደጁ የሰጠሁትን መልሼ ልቀበል? አንቺ ደግሞ!" ብሎ እግሩን መርገጫው ላይ መለሰ፤ መስፊያው ሲንጫጫ ወሬያችን ተቆረጠ። ዳማ ሲያረጅ ዘውዴ ገበያ አውጥቶ ለጓሳ በኩል ሰው ሸጠው። ዲሹም ዛገ፣ ጣቢያውም ተቆለፈ፣ ሰዉ ወደ ኳሱ ተመለሰ። የኮከብና የመስቀል ቡድን እንደነበረ የሚያስታውስ አሁን ስንት ሰው አለ?

ይኼ ሁሉ በዚያ የፍሬን ሽታ ምክንያት አውቶብስ ውስጥ ተመለሰብኝ። ፍሬኑ በርዶ ጉዞ ስንቀጥል ክፍሌ ፊቱን ከመስኮቱ ሳያነሳ "የጓሮውን በር ክፍት የምትተዪው አንቺ ነበርሽ፤ አውቃለሁ። እግዜር ይስጥልኝ ሳልልሽ ቀረሁ" አለኝ።

ስድብ ቢሰድበኝ እችለው ነበር። ምስጋናው ግን አላስቀመጠኝም።

"ጋሽ ክፍሌ፣ ያን ቀን ግልቢያው ቀን አልቆ ነበር። አንተ ስትሳል ዋንጫው ተበልቷል። ቀን ላይ አይቼዋለሁ።"

"ቀን ላይ?"

"እናንተ ሰንበቴ ላይ ሳላችሁ። ሁልጊዜም እንዲያ ነበር። ዘውዴም ያውቅ ነበር፤ የነገርኩት እኔ ነኝ። ዳማን ፈልጎ ነው እንድትሳል የገፋፋህ። እኔም ዝም አልኩ፤ አፈ ሟርት ስላልከኝ ዝም አልኩ።"

መልሶ ወደ መስኮቱ ዞረ። አውቶብሱ አንድ ሙሉ ሜዳ አቋረጠ፤ የታጨደ ገብስ ክምር፣ በጎች፣ እንደገና ክምር። ይሰድበኛል ብዬ ተዘጋጀሁ። ይቅር በለኝ የሚለውንም አፌ ላይ አደረስኩት። ድንገት ጉልበቱን በመዳፉ መታ።

"ታዲያ ጊዮርጊስ ሳልሳል ሰምቶኛላ!"

"ምን?"

"ስለቴን አፌ ሳይናገር፣ ገና ሰንበቴ ላይ ጠላ ስጠጣ፣ እሱ ፈጽሞት ቆይቷል! እኔ ማታ የተሳልኩትን እሱ ቀን ሰጥቶኛል! አስካለ፣ ይኼን ሁሉ ዓመት ለምን ደበቅሽኝ?" ዓይኑ እንባ ሞላ። ወደ ኋላ ዞሮ የማያውቃቸውን ተሳፋሪዎች "ወገኖቼ፣ ይኼን ተአምር ስሙኝ!" አላቸው። ይቅር በለኝ የሚለው ቃል አፌ ላይ እንዳለ ቀረ። ያን ያህል ጊዜ የተሸከምኩትን ጥፋት እንኳ ወስዶ የጊዮርጊስ አደረገብኝ።

በማግስቱ በዘውዴ ሙት ዓመት ድንኳን ውስጥ ቄሶቹ ፍትሐቱን አድርሰው፣ ሰው በልቶ ሲያበቃ፣ ክፍሌ ተነሳ። የባለ መስቀሉን፣ የዳማን፣ የስለቱን ነገር ከመጀመሪያው ጀምሮ አወራ፤ እንዳረጀ ሰው ሳይሆን እንደዚያን ጊዜው፣ በጋላቢና በልጓም። ቀን ያለቀ ግልቢያ መሆኑንም ተናገረ። "ይኼን ዓይታ የመሰከረችልኝ አስካለ ናት" አለ። ዘውዴ ያውቅ እንደነበር ግን አላነሳም። ለዘውዴ ሲደርስ "ነፍሱን ይማረውና፣ ተሳል ብሎ ወደ በረከት የመራኝ እሱ ነው" ብሎ አለፈው። ይህን ሲል እኔን አየኝ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። አምኖ ነው ወይስ የሞተን ሰው በሙት ዓመቱ ላለማዋረድ? ከዓይኑ ልለየው አልቻልኩም፤ ልጠይቀውም አልደፈርኩም።

እልልታውን የጀመረችው የሺ ናት፤ ያቺ ሆዷን የሸፈነችብኝ። አሁን አርጅታለች፣ ጥርሶቿም ረግፈዋል። ሴቶቹ ተቀበሏት። እኔ ቁጭ ብያለሁ። የሺ በክርኗ ጎኔን ነካ አድርጋ "እልል በይ እንጂ፣ ያየሽው አንቺ!" አለችኝ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረው ይጠብቃሉ። አፌን ከፈትኩና እልል አልኩ።